የወረቀት እሳት

አዋሽ ሰባት
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፍሬሰላም
ሰመራ

እንደምን ከረምሽ ልጄ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ ጉልበቴም ደህና ነው። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ቅዳሜ ተናደድኩ፣ ትናንት ጸሎት ላይ ተናድጄ ዋልኩ፣ ዛሬም ከነንዴቴ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ እንዳልነግርሽ "አባዬ፣ ለምን ትጮሃለህ?" ትዪኛለሽ። በወረቀት ላይ መቼም የጮኸ ሰው የለም። ደብዳቤውን ሙሌ ያደርስልሻል፤ ያ የሚኒባሱ ሙሌ ነገ ወደ ሰመራ ይነሳል። መስመሩ ወጣ ገባ ካለብሽ ጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ አጥሯል።

መጀመሪያ ያንቺን ጥፋት ልናገር። የካቶሊክ ጸሎት ቤታችንን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በመቀስና በወረቀት ትምህርተ ክርስቶስ ስታስተምሪ ኖረሽ፣ መስከረም ላይ የመንግሥት ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሰመራ ገባሽ። እሺ፣ እንጀራ ነው፤ መርቄ ሸኘሁሽ። ግን አባ ራጉኤል "ማን ይተካሽ?" ሲሉሽ "አባቴ አለ" ያልሽው ምን ነክቶሽ ነው? እኔ የባቡር ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ጣቢያ ላይ ቀን በባንዲራ፣ ማታ በፋኖስ፣ በቀይ ሳስቆም በአረንጓዴ ሳሳልፍ የኖርኩ ሰው፣ በስተርጅና ርግብ ቁረጥ፣ በግ ለጥፍ ልባል?

"ቀላል ነው አባዬ" አልሽኝ። "ልጅ በጆሮው የሰማውን ይረሳል፣ በእጁ የሠራውን አይረሳም።" እኔም አምኜ ገባሁበት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሏል ይሄ ነው!

የተውሽልኝ መቀሶች ሁሉ ዶልዱመዋል። መስቀል ቆርጬ ለልጆቹ ባሳይ፣ ደግነት የሚባለው ቀልደኛ ልጅ አገላብጦ አየውና "አባባ፣ ይሄ አውሮፕላን ነው?" አለኝ። የጸሎት ቤቱ ደረጃ ደግሞ ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ ቦታውን ስቷል፤ ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ሌላ ሰው ስለማይጥል ማንም አያስጠግነውም። የክፍሉም መስታወት ያኔ ስለረገፈ መስኮቱን በቆርቆሮ ደፍነውታል፤ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ ነው የምናስተምረው። ይሄን ሁሉ ለአባ ራጉኤል ባመለክት "ጋሽ ተክለ ማርያም፣ ትንሽ ይታገሡ" አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ልታገሥ?

ትቼው እቤቴ እቀመጥ ነበር። ያልተውኩት በኑሀሚን ምክንያት ነው። አንቺ አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጡት። አባቷ ጥጋቡ የከምባታ ሰው ነው፣ ሸንኮራ ቆራጭ። ሥራው በጠራው ቦታ ሁሉ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ይሄዳል። ልጅቷ ለመጀመሪያ ቁርባን መማር የጀመረችው ሌላ እርሻ ላይ ሳሉ ነው፤ ልትቆርብ ስትል ዕቃ ጫኑ። ሌላ ቦታ እንደገና ጀመረች፤ ከዚያም ተነሱ። እዚህ ሦስተኛዋ ነው። የዘንድሮው ቆረጣ ደግሞ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ አባቷም አያውቅም። የመጣች ዕለት ምን አለችኝ መሰለሽ? "አባባ፣ እዚህስ እስክጨርስ ያቆዩናል?" እኔን! እኔ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ነኝ? "ትቆርቢያለሽ" አልኳት። አፌ አመለጠኝ፣ ቃል ገባሁ። ከገባሁ ደግሞ ገባሁ ነው።

አባ ራጉኤልን ታውቂያቸዋለሽ። ወጣት ናቸው፣ ጥብቅ ናቸው፣ በየሁለት ሳምንቱ ብቅ ብለው ሁሉን ነገር ካላስተካከልኩ ይላሉ። "በጰራቅሊጦስ የሚቆርቡትን ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብዬ ቅዳሜ እፈትናለሁ" አሉ። "እያንዳንዱ ልጅ በእጁ የሠራውን ምልክት ይዞ ይቅረብና ትርጉሙን ያስረዳኝ። ያልገባው ለከርሞ ይቆያል።" ለከርሞ! ለኑሀሚን ከርሞ የሚባል ነገር የት አለና?

ያኔ ነው የደወልኩልሽ። "ለአንድ ቅዳሜ ብቻ ነይና አሰናጂልኝ" ብዬ ለመንኩሽ። "ሥራ በዝቶብኛል አባዬ፣ ሪፖርት አለብኝ" አልሽ። ሪፖርት! ሰመራ ያለ ሰው ሁሉ ሪፖርት ነው የሚጽፈው? ማን ያነበዋል? ከዚያ "እሳቱን በቀዩ ወረቀት፣ ርግቧን በነጩ አሠራቸው፤ ሌላ ምንም አይደለም" ብለሽ ዘጋሽው።

ሌላ ምንም አይደለም። እስቲ ልንገርሽ።

ካርቶንሽን ከፈትኩ። ሙጫሽ በሙቀት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ግድ የለም፣ እኛ ጣቢያው ላይ ማስታወቂያ የምንለጥፈው በዱቄት ነበር፤ እናትሽን ዱቄት ለምኜ፣ በውሃ አፍልቼ ሙጫ ሠራሁ። "ጎበዝ! የምበላውን ለጥፈህ ጨርስልኝ" አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣሁና ጠቆር ያለውን፣ ወፍራሙን ቀይ መርጬ ለልጆቹ አደልኳቸው። "ቀይ የምን ምልክት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ዝም። እርስ በርስ ተያዩ መሰለኝ፣ ራሳቸውን ሲያዞሩ ታየኝ። "ልጆች፣ ቀይ የምን ምልክት ነው?" አሁንም ዝም። በመጨረሻ ሉሊት፣ ያቺ የነርሷ ልጅ፣ ቀስ ብላ "ቀይ የመንፈስ ቅዱስ እሳት ነው አባባ" አለች። "ታዲያ ይሄን ለመመለስ ምን ያስፈራል?" ብዬ ተቆጣሁ። ሙቀቱ አፍዝዟቸዋል ብዬ ነው። መቀሳቸውን አንስተው አንድም ቃል ሳይተነፍሱ መቁረጥ ጀመሩ። እንዲህ ጸጥ ብለው ሠርተው አያውቁም።

የተለጠፉትን እሳቶች እንዲደርቁ አጥሩ ሽቦ ላይ ሰቀልናቸው። ውሃ ጠጥቼ ስመለስ የዘሀራ ፍየል እዚያው ቆማ ታመነዥካለች! ዘሀራን መቼም አትረሻትም፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለችው ጎረቤታችን። ፍየሏ በሐዋርያት ራስ ላይ የሚያርፈውን እሳት ግማሹን ጨርሳዋለች። ዱላዬን ብሰነዝርባት ሽቦውን መታሁ፤ እሷም ዞር ብላ አላየችኝም።

"ዘሀራ! ፍየልሽን እሰሪ! የልጆቹን ሥራ በላችው!"

ዘሀራ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። እንደምታውቂያት ነች፣ ቄስም ሆነ ሼክ ለሁሉም አንተ ነው የምትለው። "ፍየል ምን ታውቃለች አባ ተክሌ? ዱቄት ቀብተህ ሰቀልክላት። ደግሞ ቅጠል መስሏት ነው።"

"ቅጠል? የምን ቅጠል? እሳት ነው እንጂ! ቀይ እሳትና ቅጠል የማትለይ ፍየል ምን ዓይነት ፍየል ናት?"

ይቺ ተከራካሪ ሴት ሽቦው ላይ የተረፈውን ወረቀት ያዝ አደረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እሺ አባ ተክሌ፣ እሳት ነው። አፉ በለኝ" አለችና ፍየሏን እየጎተተች ሄደች። በማግስቱም በኮዳ ወተት ላከችልን። እኔም ሙስሊም ናት፣ ስለ ጰራቅሊጦስ ከየት ታውቃለች ብዬ፣ ወተቱን ጠጥቼ ተውኩት። የተበላውን ከዚያው ወረቀት አሠራኋቸው።

እስከዚህ ያልኩሽን በልብሽ ያዥልኝ።

ቅዳሜ አባ ራጉኤል መጡ። ጠረጴዛ ወደ ግቢው አስወጥተው ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ልጆቹ ተሰለፉ፤ እኔ ከእናቶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ነኝ። ዱላዬን ከእጅ ወደ እጅ እቀያይራለሁ፣ የምፈተነው እኔ ይመስል። እናትሽ "ተረጋጋ፣ አንተ ቆርበሃል" ትለኛለች።

መጀመሪያ ደግነት በጉን ይዞ ቀረበ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የእግዚአብሔር በግ ነው አባ።"

"ታዲያ ፀጉሩ የታለ? ጥጥ አልተሰጣችሁም?"

"አባባ ተክሌ ጥጥ ለጥፉበት ብለውን ነበር። ግን አባ፣ የእዚህ አገር በግ ጥጥ የለውም እኮ። ላቱ ነው ትልቁ።"

እውነቱን ነው፤ ላቱን ከራሱ አስበልጦ ነው የሠራው። አባ ራጉኤል ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ለምን በግ ተባለ?" አሉት። "ስለ እኛ ስለታረደ" አለ። አለፈ። ሉሊት ስለ ኅብስቱና ስለ ጽዋው አስረዳች፤ አለፈች። ሌሎቹም እንደ ምንም አለፉ። መጨረሻ ላይ ኑሀሚን እሳቷን በሁለት እጇ ይዛ ቀረበች።

"አንቺስ ምን ሠራሽ?"

"እሳት ነው አባ። በሐዋርያት ላይ የወረደው የመንፈስ ቅዱስ እሳት።"

አባ ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ "አረንጓዴ እሳት አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሏት።

ፍሬዬ፣ መጀመሪያ የቀለዱባት መሰለኝ። ቆይቼ ግን እናቶቹ እንዳልሳቁ አስተዋልኩ። አንዳቸውም። ልጆቹም አልሳቁ። እናትሽ እጄን ያዘችኝ፤ እናትሽ ደግሞ በሰው ፊት እጄን ይዛኝ አታውቅም።

ኑሀሚን ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ወደ አባ ተመለሰችና እንዲህ አለች፦

"አባ፣ ሙሴ ያየው ቁጥቋጦ እሳት ይዞት ነበር፤ ግን አልተቃጠለም፣ ቅጠሉ ለምለም እንደሆነ ነበር። የእግዚአብሔር እሳት እንደዚያ ነው። ሰው ላይ ሲወርድ አያቃጥለውም፣ ያለመልመዋል። ለዚህ ነው አረንጓዴ የሆነው።"

"ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"አባባ ተክሌ።"

ውሸቷን ነው! እኔ እንዲህ ያለ ነገር በዞረበት አልዞርኩም። እኔ ያስተማርኩት ቀይ ነው፤ በዓይኔ በብረቱ መርጬ ያደልኩት ቀይ ወረቀት ነው። ብድግ ብዬ "አባ፣ ልጅቷ ተሳስታለች" ልል ስነሳ እናትሽ እጄን ጨምቃ መልሳ አስቀመጠችኝ። አባ ራጉኤል ወደ እኛ አግዳሚ ትንሽ አይተው ወረቀቱን መለሱላትና "ትቆርባለች" አሉ። እናቶቹ እልል አሉ። ጥጋቡም ቆረጣውን ትቶ መጥቶ ኖሮ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ቃሌን ጠበቅሁ ማለት ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባል። ልቤ ግን ያ ወረቀት ላይ ቀረ።

ሰዉ ሲበተን ልጅቷን ጠራኋት። "ነይ እስቲ። ወረቀቱ አረንጓዴ ነበር?"

"አዎ አባባ።"

"ሁላችሁም አውቃችኋል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እርስዎ ቀይ ነው ሲሉ፣ እኛም ሁላችን ቀይ ነው አልን። ሉሊት 'ከነገርናቸው ያፍራሉ፣ ካፈሩ ደግሞ አይመጡም' አለች።"

ምን ብዬ ልቆጣት? ይሉኝታ እኮ ነው የሚገድለን! እነዚህ ልጆች ለሽማግሌ ፊት ሲሉ እሳትን አረንጓዴ አድርገው ሳምንታት ዝም አሉ። እናቶቻቸው አጥሩ ላይ ተሰቅሎ አዩት፤ ዝም አሉ። ዘሀራ አየች፤ አፉ በለኝ አለች! ፍየሏ ብቻ ናት በዚህ ከተማ እውነቱን የነገረችኝ።

እቤት ስገባ እናትሽን ያዝኳት። "አንቺም አይተሻል?"

"አየሁ እንጂ።"

"አረንጓዴ ነው?"

"እንደ ጎመን።"

"እና ዝም አልሽኝ?"

"ስንቱን ልንገርህ አንተ ሰውዬ? ደረጃውን ልንገርህ? ከስኒው ውጪ የምታፈሰውን ሻይ ልንገርህ? የገዛ አጎቴን ጥጋቡ መስሎህ ሸንኮራውን የጠየቅኸውን ልንገርህ? ብነግርህ ትጮሃለህ። ፍሬሰላም ትምጣና እሷ ትንገረው፣ የሷን ይሰማል ብዬ ነው የቆየሁት።"

እንግዲህ ወደ አንቺ መጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ለገና መጥተሽ ሳለ ጋዜጣውን ከእጄ ወስደሽ "ላንብብልህ አባዬ፣ ድምፄን ትወደዋለህ" አልሽኝ። ልጄ ናፍቃኝ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ሰማሁሽ። ከዚያ ወዲህ ግን በደወልሽ ቁጥር "ሰመራ ና፣ እዚህ ጎበዝ ሐኪም አለ፣ ጉልበትህን ያይልሃል" ትዪኛለሽ። ጉልበቴን! ጉልበቴን ማን አመመው? እንዲያው በዚህ ዕድሜ ስለ ጉልበቴ መጨነቋ ምን ይሆን እያልኩ እናትሽን ስጠይቅ፣ ጎንበስ ብላ ሽንኩርቷን ትልጣለች። አንቺም ታውቂ ነበር። የራሴ ልጅ! እንደ ዘሀራ አፉ በለኝ ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር።

አፍሬያለሁ ፍሬዬ። ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ሙሉ ባቡር ሕዝብ፣ እናቶች ከነልጆቻቸው፣ እኔ በያዝኩት ቀለም አምነው ያልፉ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አሳስቼ አላውቅም። በጡረታ ዘመኔ ደግሞ ሰባት ልጅ ፊት ቆሜ ቀይ ነው አልኩ። ልጆቹም ያለፉት ምልክቴን አይተው አይደለም፤ እኔን አሳልፈውኝ ነው።

ግን መስኮቱ በቆርቆሮ መደፈኑን አትርሺ። ወረቀቱም ቢሆን ካርቶን ውስጥ ከርሞ በሙቀቱ ሳይጠቁር አይቀርም። ይሄንንም አስቢ።

አሁን የምልሽን ስሚ። ሪፖርትሽን ለሚያነበው ሰው ስጪና ቅዳሜ ከሙሌ ጋር ተሳፍረሽ ነይ። ልጆቹ እሑድ ነው የሚቆርቡት። ኑሀሚን ነጭ ቀሚስ የላትም፤ እናትሽ ያንቺን ከሣጥን አውጥታ እየቀደደች እያሳጠረች ነው፣ እጅጌው ላይ አንቺ ብትኖሪ ጥሩ ነው ትላለች። ቀልቤ ያለው እሑዱ ላይ ነው፤ ሰኞ እነ ጥጋቡ ዕቃቸውን ይጭናሉ። መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ከመኪናው ስትወርጂ ግን ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ፣ ከሩቅ "አባዬ" ብለሽ ጥሪኝ፤ የከባድ መኪናው አቧራ ዘንድሮ ጉድ ነው።

በዓሉ ሲያልፍ እኔም አብሬሽ ሰመራ እሄዳለሁ። ለጉልበቴ።

በይ፣ የቆላው ፀሐይ ይራራልሽ። አለቃሽ ፊት ግርማ ሞገስ ይስጥሽ። ባጃጅ ላይ ስትወጪ ስትወርጂ እመቤታችን ትያዝሽ። መንፈስ ቅዱስ በራስሽ ላይ ሲወርድ አያቃጥልሽ፣ ያለምልምሽ። እናትሽ በሁለት ጉንጭሽ ትስምሻለች፤ እኔም ከነንዴቴ።

አባትሽ
ተክለ ማርያም

ፖስታው ውስጥ አንድ የወረቀት እሳት አለልሽ። ኑሀሚን ለእሑድ አዲስ ስትሠራ "ይሄ ደግሞ ለልጅዎ" ብላ የሰጠችኝ ነው። በየትኛው ወረቀት እንደሠራችው አልጠየቅኳትም። እናትሽንም አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት "ያምራል" ነው የምትለኝ። ቀለሙን አንቺ ንገሪኝ። በስልክም ይሁን፤ አልጮህም።